ዘጠኝ ሆነን የተሻገርነው ተዳፋት

ነሐሴ 2011 ላይ አምባሰል ውስጥ አንድ ተዳፋት ተሻገርን። ዘጠኝ ነበርን። ማንም አልወደቀም፣ ማንም አልተጎዳም፣ ለቅሶውም ላይ ደረስን። ቤተሰባችን ውስጥ ያ ጉዞ ሲነሳ «አላህ ያወጣን ቀን» ተብሎ ነው። ቡና ላይ ይወራል፣ ፈጣሪ ይመሰገናል፣ ወደ ሌላ ወሬ ይታለፋል። እኔን ግን አላለፈኝም። ይኸው ስድስት ክረምት ሆነው፣ ሌሊት ዝናቡ ቆርቆሮው ላይ ሲበረታ ያ ተዳፋት ይመጣብኛል። ከተዳፋቱም ይልቅ ከመሻገራችን በፊት የቆምንበት ጥግ ነው የሚመጣብኝ፤ መንገዱ ለሁለት የሚከፈልበት። እዚያ የቆምነው ቢበዛ አምስት ደቂቃ ነው። ይህን ሁሉ የምጽፈው ለዚያ አምስት ደቂቃ ስል ነው።

መንገዱ የሚከፈልበት ጥግ

የአያቴ እህት ማረፏን የሰማነው ሌሊት ነው። ደሴ ያለነው ዘመዶች ጎህ ሲቀድ ተሰባስበን በሚኒባስ ወጣን። ከአስፋልቱ ወርደን በእግር የሁለት ሰዓት መንገድ ይቀረናል። መኪናው መንገድ ላይ ጭቃ ይዞት ስለነበር መውረጃችን ላይ ስንደርስ አራት ሰዓት ተኩል ሆኗል። ጀናዛው የሚወጣው ከዙሁር ሰላት በኋላ ነው ተብለናል። ሴቶቹ የፈለግነው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ከመውጣቷ በፊት ፊቷን ማየት።

ሦስት ሌሊት ሙሉ ዘንቦ ነበር። ያን ቀን ጠዋት ግን ሰማዩ ጠርቷል፣ ፀሐይ ወጥታለች፣ ከማሳው ላይ እንፋሎት ይነሳል። እንዲህ ያለ ጠዋት ሰውን ያደፋፍራል። ከፊታችን የሚሄዱት አጎቴ ናቸው። በዚያ መንገድ ከልጅነታቸው ጀምሮ ገበያ ወርደውበታል፣ ሙሽራ አጅበውበታል፣ ሬሳ ተሸክመውበታል። ከኋላቸው የአክስቴ ልጆች፣ አክስቴ፣ ሁለት ጎረቤቶች፤ እኔ ከመጨረሻው ሁለተኛ ነበርኩ።

ጥጉ ላይ አንድ እረኛ አገኘን። አሥር ዓመት ቢሆነው ነው። የማዳበሪያ ከረጢት አንዱን ማዕዘን ወደ ውስጥ አጥፎ እንደ ቆብ ደፍቶታል፣ ጠርዙ ላይ አሁንም ውሃ ይንጠባጠባል። በጎቹን ከተዳፋቱ አርቆ ከላይ ሜዳው ላይ አስቀምጧቸዋል። ሰላምታ እንኳ ሳይጨርስ፣ «በታችኛው አትሂዱ፣ ትናንት ማታ ሲንኳኳ ነው ያደረው» አለ።

«ምኑ ነው የሚንኳኳው?» አሉ አጎቴ።

«ድንጋዩ። ምንጩም ደፍርሷል። እናቴ ዛሬ ከላይ ነው የቀዳችው።»

የላይኛው መንገድ በሸንተረሩ ዞሮ ነው የሚወርደው። አንድ ሰዓት ተኩል ይጨምራል። ሁላችንም በሆዳችን አሰላነው፤ በዚያ ከሄድን አንደርስም። አክስቴ፣ «ፊቷን ሳናይ ልትቀበር ነው እንዴ?» ብላ ነጠላዋን አፏ ላይ አደረገች። የአክስቴ ልጅ ደግሞ ጎንበስ ብሎ፣ «ጠዋት ሰው አልፎበታል፣ ይኸው ዳናው» ሲል አሳየን። እውነትም ጭቃው ላይ አዲስ የጫማ ዳና ነበር። አጎቴ በበትራቸው መሬቱን ነካ ነካ አድርገው፣ «አብሽሩ። ይህ መንገድ እኔን ያውቀኛል» አሉ።

እኔ በዚያን ጊዜ ቀና ብዬ ተዳፋቱን አየሁት። ከመንገዱ በላይ ሠላሳ እርምጃ ያህል ከፍ ብሎ ሣሩ ተቀዷል። ስፌቱ እንደተፈታ ጨርቅ አግድም ተተርትሮ፣ ከሥሩ ቀዩ አፈር ይታያል። ስፋቱ አንድ ጋት ይሆናል። ከስንጥቁ በታች ያለችው ባሕር ዛፍ ወደ ቁልቁል አጋድላለች። ጂኦግራፊ አስተማሪ ነኝ። ያ ስንጥቅ ምን እንደሆነ ለዘጠነኛ ክፍል ልጆች ጥቁር ሰሌዳ ላይ ሥዬ አስረድቻለሁ።

ቃሉ አፌ ላይ ደርሶ ተመለሰ። «ጋሼ፣ እዚያ ላይ...» ማለት ብቻ ነበር የሚጠበቅብኝ። አላልኩም። ከተማ ያደገች ልጅ ፈራች እንዳልባል ነው? አክስቴን የሟቿን ፊት ከማየት የከለከልኳት እኔ እንዳልሆን ነው? ወይስ እሳቸው እያሉ እኔ ምን አግብቶኝ ብዬ? ሁሉም ትንሽ ትንሽ ይመስለኛል። «ዝም አይነቅዝም» ይባላል። የእኔ ዝምታ ግን ነቅዟል፤ ስድስት ዓመት ሙሉ ከውስጥ ሲበላኝ ኖሯል።

እጅ ለእጅ ተያያዝን። አክስቴን በግራዬ፣ የጎረቤታችንን ልጅ በቀኜ ይዤ ገባን። መሬቱ ከጫማዬ ሥር ውሃ እንደሞላ አቁማዳ እሺ ይላል፣ ይመለሳል። መሀል ላይ ስንደርስ ከላይ ጠጠር ተንከባለለ፤ ጥቂት ነው፣ የጥሬ እፍኝ ያህል። አክስቴ በሹክሹክታ ዚክር ትላለች። ማንም ቀና አላለም። ከሦስት ደቂቃ በኋላ ማዶ ነበርን፣ አጎቴም ዞር ብለው በዓይናቸው ቆጠሩን።

ፊቷን አየናት።

በሦስተኛው ቀን ሌሊት ተዳፋቱ ወረደ። መንደሩ ውስጥ ተኝተን ድምፁን ሰምተነዋል፤ ከባድ መኪና ድልድይ ላይ ሲያልፍ የሚሰማው ዓይነት ነው፣ ግን አያበቃም። ጠዋት ሄደን ስናይ መንገድ የሚባል የለም። ባሕር ዛፏ ሥሯን ወደ ሰማይ አድርጋ ታች ወንዙ ዳር ተጋድማለች። ሌሊት ስለነበር ሰው አልነካም።

በረዶ የማያውቅ ሰው ስለ በረዶ ሲያነብ

ከዚያ በኋላ ስለ መሬት መንሸራተት ያገኘሁትን ሁሉ ማንበብ ጀመርኩ። ስለ አፈሩና ስለ ድንጋዩ የሚያወራ ጽሑፍ ሞልቷል። የወሎ ተራራ ጠንካራ ጥቁር ድንጋይና የበሰበሰ ልስልስ ንብርብር እየተፈራረቁ የተደራረቡበት መሆኑን፣ የክረምቱ ውሃ ልስልሱ ላይ ሲደርስ የላይኛው እንደሚከዳ፣ ይህን አውቀዋለሁ፣ አስተምረዋለሁም። የጎደለኝ ሌላ ነበር። ዘጠኝ ጤነኛ ሰዎች፣ ከመካከላቸው አንዷ ምልክቱን እያየች፣ እንዴት አብረው ገቡበት? ይህን የሚጠይቅ ጥናት ሳስስ ያልጠበቅኩት ቦታ ወሰደኝ፤ ወደ በረዶ ናዳ።

በረዶ እኔ የማውቀው ከሰማይ የሚወርደውን ጠጠር ነው። ውርጭን ግን እናውቀዋለን፤ ደጋው ጉጉፍቱ ላይ በጥቅምት የጠራ ሌሊት ወርዶ ባቄላውን የሚያከስለውን። እና የመጀመሪያው ያስደነቀኝ ነገር ይኸው ውርጭ ነው። በረዶ ተራራውን በሚሸፍንባቸው አገሮች በጠራና በቀዘቀዘ ሌሊት ውርጭ የበረዶው ገጽ ላይ ያብባል። በማግሥቱ አዲስ በረዶ ይወርድበትና ይሸፍነዋል። ከላይ ሲታይ ሁሉም ነጭና ለስላሳ ነው። ከሥሩ ግን ያ ስስ ውርጭ ለሳምንታት ሳይያያዝ ይቀመጣል፤ አንድ ሰው ሲረግጠው ይሰበርና በላዩ ያለው ሁሉ እንደ ሰሌዳ ተነሥቶ ይወርዳል። ይህ የሚሆነው በአብዛኛው ከ30 እስከ 45 ዲግሪ በሚያጋድል ተዳፋት ላይ ነው፤ በጣም ቀጥ ባለው ላይ በረዶው ሳይከማች ቶሎ ቶሎ ይራገፋል።

ሁለተኛው ነገር ግን እንቅልፍ ነሳኝ። ለመዝናናት ተራራ ወጥተው በበረዶ ናዳ ከሚሞቱት መካከል፣ ከአሥሩ ዘጠኝ ያህሉን የገደለውን ናዳ ያስነሳው ሟቹ ራሱ ወይም አብሮት የነበረ ሰው ነው። ናዳው መጥቶባቸው አይደለም፣ ሄደውበት ነው። ስለዚህ ተመራማሪዎቹ በረዶውን ብቻ ማጥናት አልበቃቸውም። ሰዎቹ ጥጉ ላይ ቆመው ምን ተባባሉ ብለው መጠየቅ ነበረባቸው።

ኢያን ማካሞን የተባለ አሜሪካዊ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. ከ1972 እስከ 2003 በአገሩ የደረሱ 715 እንዲህ ያሉ አደጋዎችን መረመረ። ብዙዎቹ ላይ ምልክቱ ፊት ለፊት ነበር፤ በቅርቡ የወረደ ሌላ ናዳ፣ የጣለ ብዙ በረዶ፣ የተነገረ ማስጠንቀቂያ። ሰዎቹ ግን ገብተውበታል። ለምን ቢባል፣ በዕለት ኑሮ የሚያዋጡን አቋራጭ አስተሳሰቦች ተራራ ላይ ስለሚያስቱን ነው ይላል። ሳነበው ዘጠኛችንን አንድ በአንድ አየሁን። የምናውቀው ቦታ ደህና ይመስለናል፤ አጎቴን መንገዱ ያውቃቸዋል። ሌላ ሰው ካለፈ እኛም እናልፋለን፤ የአክስቴ ልጅ ያሳየን ዳና። የጀመርነውን ካልጨረስን፤ ከጎህ ጀምሮ ስንጓዝ ነበር። እንዳያመልጠን፤ የአክስቴ ነጠላ። መሪው ያውቃል፤ ይህ የሁላችንም። ሰው ምን ይለኛል፤ ይህ የእኔ ነው። ከኮሎራዶ ወይም ከዩታ የተሰበሰበ መዝገብ የእኛን ለቅሶ እንዴት ሊያውቅ ቻለ እያልኩ ደጋግሜ አነበብኩት።

ከሁሉም የቆጠቆጠኝ ደግሞ ስለ ተማሩት የሚለው ነው። የበረዶ ናዳ ትምህርት የወሰዱ ቡድኖች በሚያውቁት ቦታ ላይ ካልተማሩት የተሻለ አልተጠነቀቁም። እኔም የተማርኩ ነበርኩ።

የማይናገር አስተማሪ

እዚህ ላይ አንድ ነገር ማንሳት አለብኝ። የማካሞን ጥናት የተሠራው በደረሱ አደጋዎች ላይ ነው። ያው ዳና፣ ያው ጥድፊያ፣ ያው መሪ እያለ ምንም ሳይሆኑ የተመለሱትን ቀኖች መዝገቡ አያውቃቸውም። ይህን ራሳቸው የዘርፉ ሰዎችም ተቃውመው ጽፈውበታል። ትክክል ናቸው። ለቅሶ የሚሄድ ሰው ሁሉ ይቸኩላል፣ ታላቁን የማይከተል ደግሞ የለም፤ ናዳ የሚወርደው ግን አልፎ አልፎ ነው።

እኔ ይህን ሳነብ ያሰብኩት ስለ እኛ ነው። እኛ የትኛውም መዝገብ ውስጥ የለንም። ምንም አልሆንማ። ነሐሴ 2011 በዚያ ተዳፋት ላይ ሰው ተጎዳ ወይ ቢባል መልሱ የለም ነው። አደጋ ያልሆነ አደጋ ማን ይመዘግባል?

በሞንታና ስቴት ዩኒቨርሲቲ ጆርዲ ሄንድሪክስና ጄሪ ጆንሰን የጀመሩትን ሥራ የወደድኩት ለዚህ ነው። ተራራ የሚወጡ ሰዎች የሄዱበትን መስመር በስልካቸው ቀድተው እንዲልኩ፣ ከጉዞው በኋላም ስለ ራሳቸውና አብረዋቸው ስለ ነበሩት ሰዎች ጥያቄ እንዲመልሱ ጠየቋቸው። ምንም ያልሆነበትን ቀን ነው የፈለጉት። ሰሜን ኖርዌይ ውስጥ በትሮምሶ ዩኒቨርሲቲ ያለው ማዕከልም የሥነ ልቦናና የኢኮኖሚክስ ሰዎችን ከበረዶ አዋቂዎች ጋር አንድ ላይ አስቀምጦ ሰው ተዳፋት ሥር ቆሞ እንዴት እንደሚወስን ያጠናል። አንድ ቀን ለእነዚህ ሰዎች የእኛን አምስት ደቂቃ ብነግራቸው እወዳለሁ።

ምንም ያልሆነበት ቀን ለምን ይህን ያህል አስፈላጊ ሆነ? እናቴ እንጀራ ስትጋግር አስቡ። ምጣዱ በደንብ ካልጋለ እንጀራው ዓይን አያወጣም፤ ግለቱ ከበዛበት ያርራል። አንዱን አፍስሳ አክንባሎውን ስታነሳ ጥፋቷን እዚያው ታያለች፣ ሁለተኛውን ታስተካክላለች። አርባ ዓመት እንዲህ የጋገረች ሴት እጇ ያውቃል ቢባል እውነት ነው። ዳንኤል ካህነማንና ጋሪ ክላይን እ.ኤ.አ. በ2009 አብረው በጻፉት ጽሑፍ ያሉት ይህንኑ ነው፤ የልምድ አዋቂነት የሚታመነው ቦታው መልሱን ቶሎና ሳያዛባ በሚሰጥበት ነው። ሮቢን ሆጋርዝ የተባለው የሥነ ልቦና ሊቅ ደግሞ መልስ የማይሰጠውን ወይም የተሳሳተ መልስ የሚሰጠውን የመማሪያ ቦታ «ክፉ» ይለዋል።

ተዳፋት ክፉ ነው። ዘጠና ዘጠኝ ጊዜ ተሳስተህ ትሻገራለህ፣ ዘጠና ዘጠኝ ጊዜ «ጎበዝ» ይልሃል። ስህተትህን የሚነግርህ አንድ ቀን ነው፣ ያን ቀን ደግሞ መስማት ላትችል ትችላለህ። እያሳሳቀ የሚወስድ ውሃ የሚባለው ይህ ነው። አጎቴ አርባ ዓመት ተሻግረውታል፤ ተዳፋቱ ግን አርባ ዓመት ሙሉ ምንም አላስተማራቸውም፣ ዝም ነው ያላቸው። እኛ ዝምታውን ፈቃድ አደረግነው። «ደህና ደረስን» እና «ደህና ወሰንን» የተለያዩ ነገሮች መሆናቸውን ያወቅሁት ያን ክረምት ነው። ቤተሰባችን አሁንም አንድ አድርጎ ነው የሚያወራቸው፤ እኔም ቡናው ላይ ተቀምጬ አሚን እላለሁ።

እጅ ለእጅ

በነዚያ አገሮች የሚሰጥ ትምህርት ውስጥ አንድ ደንብ አለ። የሚያጠራጥር ተዳፋት ካጋጠመና መሻገር ግድ ከሆነ፣ አንድ ሰው ብቻ ይግባ። ሌሎቹ ደህና ቦታ ቆመው ዓይናቸውን ሳይነቅሉ ይዩት። ማዶ ሲደርስ ቀጣዩ ይገባል። ናዳ ቢወርድ የሚያገኘው አንዱን ብቻ ነው፣ የት እንደቀረ ያየ ሰውም አለ፣ የሚቆፍርም አለ። ጊዜው አጭር ነዋ። እ.ኤ.አ. በ1994 በታተመ የስዊዘርላንድ መረጃ ላይ የተመሠረተ ጥናት እንደሚለው፣ በረዶ ከዋጣቸው ሰዎች በ15 ደቂቃ ውስጥ የወጡት ከአሥሩ ዘጠኙ በሕይወት ሲገኙ፣ 35 ደቂቃ ሲደርስ ግን ከሦስቱ አንዱ ብቻ ይተርፋል።

እኛ እጅ ለእጅ ተያይዘን ነው የገባነው። ይህን በጻፍኩ ቁጥር ደረቴ ላይ አንድ ነገር ይጫነኛል፤ ምክንያቱም መያያዙ ፍቅር ነበር። ወሎ ውስጥ ሰውን ብቻውን መተው ነውር ነው። እስላሙ የክርስቲያኑን ሬሳ ይሸከማል፣ ክርስቲያኑ የእስላሙን ጀናዛ ይሸኛል፤ ደስታም ሐዘንም በጋራ ነው። አክስቴን «አንቺ ቀድመሽ ብቻሽን ግቢ፣ እኔ እዚህ ቆሜ አይሻለሁ» ማለት ለእኛ ጆሮ እንዴት እንደሚሰማ አስቡት። ግን ያን ቀን እሷን ማትረፊያው ያ ነበር። እጇን ይዤ ያደረግኩላት ነገር ቢኖር፣ ቢወርድብን አብሬያት መቀበር ነው። ወንዝ ሲሞላ መያያዝ ያድናል፤ ተዳፋት ሲሆን ግን ሁሉንም አንድ ጉድጓድ ውስጥ ይከታል። ሁለቱን ለይቶ የነገረን ሰው አልነበረም።

ሐምሌ 15 ቀን 2016 ጎፋ ዞን ኬንቾ ሻቻ ጎዝዲ ቀበሌ የሆነውን ስሰማ እጄን አፌ ላይ ጫንኩ። መጀመሪያ የወረደው ናዳ ጥቂት ቤቶችን ቀበረ። ጎረቤት ተጠራርቶ ወጣ፤ በአካፋ፣ በዶማ፣ በባዶ እጅ ሊያወጣቸው ይቆፍራል። በዚያ መካከል ሁለተኛው ወረደባቸው። ከ200 በላይ ሰው ሞተ፤ ብዙዎቹ ሌላውን ሊያድኑ የገቡ ናቸው። ስለ እነዚያ ሰዎች «ለምን ገቡ» የሚል ቃል ከአፌ አይወጣም። እኔም እገባ ነበር። ወንድምህ አፈር ሥር እያለ ቆመህ ተራራ አትመረምርም። ስለዚህ ነው ከፊቱ መለማመድ የሚያስፈልገው፤ ሌላው ሲቆፍር አንድ ሰው ቀና ብሎ ላዩን ብቻ እንዲጠብቅ፣ ሲጮህም ሁሉም ጥሎ እንዲሮጥ። የበረዶ ናዳ አዳኞች ከመግባታቸው በፊት መጀመሪያ የሚጠይቁት ሁለተኛ ይወርዳል ወይ ብለው ነው። ይህ ጭካኔ አይደለም።

በእነሱና በእኛ መካከል ትልቅ ልዩነት አለ፣ አልክድም። እነሱ ለደስታቸው የወጡ ናቸው፤ ተዳፋቱ ቢያስፈራ ቤታቸው መቅረት ይችላሉ። የአምባሰል ሰው፣ የደላንታ ሰው ተዳፋቱ ቤቱ ነው። ምንጩ እዚያ ነው፣ ማሳው እዚያ ነው፣ ትምህርት ቤቱ ከማዶ ነው። እዚህ ደሴ እንኳ ጦሳ ተራራ ሥር ቤት የሠራው ሁሉ ክረምት በመጣ ቁጥር ወዴት ሂድ ይባላል? ስለዚህ «አትለፉ» የሚለውን ምክር ብቻ ይዤ ሰው ፊት ለመቆም ድፍረቱ የለኝም። እነሱ ደግሞ በየቀኑ የሚወጣ የአደጋ ማስታወቂያ አላቸው፤ አውሮፓ እ.ኤ.አ. ከ1993 ጀምሮ አምስት ደረጃ ባለው አንድ መለኪያ ይጠቀማል። የሚገርመው ብዙው ሞት የሚደርሰው በአምስተኛው ሳይሆን በሦስተኛው ደረጃ ነው። አምስት ሲባል ሰው ይቀራል፤ ሦስት ሲባል ግን «ምናልባት ደህና ነው» ይላል።

እኛም ግን ያን ቀን ማስታወቂያ ነበረን። ከረጢት ደፍቶ ጥጉ ላይ ቆሞ ነበር። ድንጋዩ መቼ እንደተንኳኳ፣ ምንጩ መቼ እንደደፈረሰ ነግሮናል፤ ምንጭ ድንገት መደፍረሱ አፈሩ ከውስጥ መንቀሳቀስ ለመጀመሩ ምልክት ሊሆን እንደሚችል መጽሐፍም ይላል። እሱ ራሱ በጎቹን ከላይ አስቀምጧል። ዘጠኝ ትልልቅ ሰዎች አመስግነነው አለፍን። ስሙን እንኳ አልጠየቅነውም።

አሁን ተማሪዎቼን ይዤ ወደ ገጠር ስወጣ አንድ ነገር አደርጋለሁ። አስቸጋሪ ቦታ ስንደርስ «እንለፍ ወይስ እንመለስ?» ብዬ አልጠይቅም። እንዲህ ከጠየቅኩ ሁሉም ፊቴን አይቶ ነው የሚመልሰው። «ምን ታያላችሁ?» እላለሁ፣ የምጀምረውም ከትንሹ ልጅ ነው፤ እኔ መጨረሻ እናገራለሁ። አንድ ሰው አልሄድም ካለ ሁላችንም አንሄድም፣ ምክንያቱንም አንጠይቀውም። ባለፈው ዓመት አንዲት ልጅ አልሄድም ብላ ግማሽ ቀን ዞረናል። ምንም አልወረደም። አውቶቡስ ውስጥ ልጆቹ ሊያጉረመርሙባት ሲጀምሩ ተነሥቼ የራሴን ታሪክ ነገርኳቸው። ለሰው ስናገረው ያ የመጀመሪያዬ ነበር።

አጎቴ

ለእሳቸው ግን ገና አልነገርኳቸውም ነበር። ዘንድሮ ከሰኔ በፊት ልጠይቃቸው ሄድኩ። ሁለቱም ዓይናቸው በሞራ ተጋርዷል፤ ሰው በድምፅ ነው የሚለዩት። ቡና ተፈልቶ አቦሉ እንደተቀዳ፣ ያ ጉዞ እንደ ልማዱ ተነሣ፣ «አላህ ያወጣን ቀን» ተባለ፣ አሚን ተባለ። ሌሎቹ ወደ ጓዳ ገባ ሲሉ ወደ እሳቸው ጠጋ አልኩ።

«ጋሼ፣ ያን ቀን ከመንገዱ በላይ የነበረውን ስንጥቅ አይተውት ነበር?»

«የቱን ስንጥቅ?»

ዝም አልኩ። እሳቸው ጥቂት ቆይተው፣ «ዓይኔ እኮ ያኔም ደክሞ ነበር» አሉ። «ከበትሬ ጫፍ ወዲያ ጉም ነው። ለማንም አልተናገርኩም። መንገዱን በእግሬ ነበር የማውቀው።»

ሲኒዬን አስቀመጥኩ። ዘጠኝ ሆነን ስንገባ ስምንታችን የተከተልነው ተዳፋቱን ማየት የማይችል ሰው ነበር። እያንዳንዳችን ደግሞ እሳቸው አይተዋል ብለን ነው የገባነው።

«ዓይን ያላችሁ እናንተ ነበራችሁ» አሉ አጎቴ፤ ሊወቅሱኝ አይመስልም፣ ለራሳቸው እንደሚያስቡ ነው ድምፃቸው። «አንድ ነገር ቢኖር ልጆቹ ይሉኛል ብዬ።» ከዚያ ፊታቸውን ወደ ድምፄ መለሱ። «አንቺ አይተሽው ነበር?»

«አዎ ጋሼ።»

ቶናው ተቀዳ። እጃቸውን ዘረጉልኝ፣ እኔም ያዝኩት።

«ምን ያህል ነበር?»

አራት ጣቶቼን ገጥሜ መዳፋቸው ላይ አስቀመጥኩላቸው። በአውራ ጣታቸው ከዳር እስከ ዳር ዳበሱት፣ እንደገና ከዳር እስከ ዳር።

«አንድ ጋት» አሉ።